ትንንሾቹን አታስቀሯቸው፦ በደሴና በኮምቦልቻ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶችና ወላጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ርእሳነ መምህራን፣ መምህራን፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባላት፣ እንዲሁም እንደ እኔ ትንንሽ ልጆች የምታሳድጉ ወላጆች፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ሙያዬ ነርስነት ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቋ አሥር ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ሰባት ሞልቶታል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ከትምህርት ቤት የመጣች ቁራጭ ወረቀት ናት።

ወረቀቷ የዓመቱን መጨረሻ ጉዞ የምታስታውቅ ናት። ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉት አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ከዚያ በታች ያሉት ግቢ ውስጥ ኬክ ይቆረስላቸዋል፣ ሙዚቃ ይከፈትላቸዋል። ምክንያቱም ተጽፏል። ሕፃናቱ ለጉዞ አይመቹም፤ ቢያዩም አይገባቸውም ይላል።

ወረቀቷን ያነበበልኝ ራሱ ትንሹ ነው። ማንበብ ስለቻለ ደስ ብሎት ነበር የጀመረው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ከዚያ «እማ፣ አይገባቸውም ያሉት እኔን ነው?» አለኝ።

ያንን ጥያቄ ይዤ አደርኩ። ምክንያቱም ይኸው ልጅ በአራት ዓመቱ ፈንታሌ ተራራ አጠገብ ቆሞ የጠየቀኝን ነገር መልሼ ለመጨረስ እኔ ብዙ ማንበብ ነበረብኝ። ስለዚያ ጉዞ ልንገራችሁ። ልመናዬን ከዚያ በኋላ አቀርባለሁ።

ልጆቼ ከኮምቦልቻ ርቀው የሄዱበት የመጀመሪያው ጉዞ የሽሽት ነበር። ጦርነቱ ወደ እኛ በደረሰበት በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አብረን ነው የወጣነው። ትልቋ ስድስት፣ ትንሹ ሦስት ዓመቱ ነበር። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ የሆነውን አልዘረዝርም። ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ግን ትንሹ መኪና ውስጥ አልገባም ብሎ ያለቅስ ነበር። መኪና ማለት ለእሱ ቤት ጥሎ መሄድ ነው። ባጃጅ እንኳ ሲያይ ቀሚሴን ይይዛል።

ዓመት ካለፈ በኋላ ባለቤቴ «አንዴ ለደስታ እንሂድ፤ ሄደው እንደሚመለሱ ይዩት» አለ። የት እንደምንሄድ የመረጠችው ትልቋ ናት። ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ የት እንደሚገባ ጠይቃ፣ አዋሽን እንደሚቀላቀል ሰምታ ነበር። «እንግዲያው አዋሽን እንየው» አለች። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እንዲህ ተመረጠ። ጊዜው ጥር 2015 ዓ.ም. ነው።

የልጆቹ አያት፣ ማለትም እናቴ፣ አልተስማማችም። «ከሥሩ እሳት ያለበት ተራራ ዘንድ ሕፃን ይወሰዳል?» አለች። ፍርሃቷ ከመሬት አልተነሣም። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ልጅ ነበረች። ማጀቴ ከተማ ያኔ ነው የፈረሰችው። መንቀጥቀጡ ለወራት እየተመላለሰ፣ ቤት ውስጥ መተኛት ፈርተው ሜዳ ላይ እንዳደሩ ትነግረናለች። እናም አያትየው ስለምትፈራው ነገር ልጆቹ ምንም ሳያውቁ ቢያድጉ ይሻላል? እኔ አይመስለኝም። በመጨረሻ መርቃ ሸኘችን።

በባቲ ወረድን። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። ገና ሳይነጋ ተነሥተን ባቲ ላይ ቁርስ በላን። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አዋሽ ፓርክ ሜዳው 1000 ሜትር ገደማ ነው። ሹራቡ ባቲ ላይ ወለቀ፣ ሚሌ ሳንደርስ ካልሲው ተከተለ። ትንሹ በመኪናው መስኮት አፍንጫውን አጣብቆ ነበር። ማልቀሱን የት ላይ እንደተወ አላስታውስም።

ከሚሌ ወደ ደቡብ ስትታጠፉ መንገዱ በያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ያልፋል። ባለቤቴ «አክንባሎ የሚመስል ተራራ ያየ ይቁጠር» አላቸው። ያንጉዲን ቆጠሩ። ገዋኔ ላይ አየሉን ቆጠሩ። ሁለቱም እሳተ ገሞራዎች ናቸው። በዚያ መንገድ ለሚሄድ ልጅ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ አላውቅም።

በማግሥቱ ፓርኩን አየን። ፓርኩ የተመሠረተው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ ብሔራዊ ፓርኮች አንዱ ነው። ሳላ አየን። ቀንዱ ጦር ይመስላል፤ ወንዱም ሴቷም ቀንድ አላቸው። እንሹ የምትባለውን ትንሽ ሚዳቋ መሰል እንስሳም አየን፤ ትልቋ ልጄ ጥንቸል መስላት ነበር። ዝንጀሮዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው ወንዱ ትከሻው ላይ ካባ የደረበ ይመስላል። እዚያ አካባቢ ሁለቱ ዓይነቶች ስለሚዳቀሉ የዓለም ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ተመላልሰውበታል። ፏፏቴውንም አየን። ትልቋ ጫፉ ላይ ቆማ «ቦርከና የታለ?» ብላ ጮኸች። ቦርከና የሚገባው ከዚያ በታች፣ አፋር ውስጥ ነው። አዋሽም ባሕር አይደርስም። ወደ 1200 ኪሎ ሜትር ሄዶ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ያንን ስነግራት አዘነች። ወንዝ ሁሉ ባሕር የሚገባ ይመስላት ነበር።

እሳተ ገሞራው ፈንታሌ ፓርኩ ጫፍ ላይ ነው። ከፍታው 2007 ሜትር ነው። አናቱ ገብቶ እንደ ትልቅ ገበታ ተከፍቷል። እኛ አልወጣንም። ዳገቱ የአራት ዓመት ልጅ የሚሄድበት አይደለም፤ በጀርባ አዝዬ እወጣለሁ የሚልም እንዳይሞክረው። ማየት የፈለግነው መተሐራ አጠገብ ያለውን ጥቁር ሜዳ ነው። ከ200 ዓመት በፊት ገደማ ከፈንታሌ ጎን የፈሰሰ ቅልጥ አለት ነው። ቀዝቅዞ እንደ ተገለበጠ እርሻ ተከምሯል። ሣር እንኳ ገና በደንብ አልያዘውም።

ትንሹ እዚያ ቁጢጥ አለ። አንዱን ድንጋይ አገላብጦ ካየ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «እማ፣ ይሄ ድንጋይ እንጀራ ነበር እንዴ? ዓይን አለው።»

እውነትም ዓይን አለው። ድንጋዩ ሲቀልጥ በውስጡ ጋዝ ነበረ። ሊወጣ ሲል ድንጋዩ ቀዘቀዘና ቀዳዳው ቀረ። ሊጥ ሲቦካ የሚፈጠረው አየር ምጣድ ላይ ሲወጣ እንጀራውን ዓይናም እንደሚያደርገው ማለት ነው። ይህን ያስተማረው ሰው የለም። እናቴ ስትጋግር አጠገቧ ተቀምጦ ያየውን ነው ከድንጋዩ ጋር ያገናኘው። «ማን ጋገረው?» አለኝ ቀጥሎ። «እሳቱ የት አለ? አሁንም ይጋገራል?» መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር የስምጥ ሸለቆን ነገር በትምህርት ቤት ለፈተና ሸምድጄ ረስቼዋለሁ።

ድንጋዩን ይዤ ካልሄድኩ አለ። አብሮን የነበረው የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ተንበርክኮ እኩያው ሆነና «ይሄ የልጆች ሁሉ ነው፤ ድንጋይም ቢሆን ከፓርክ አይወሰድም» አለው። መለሰው። ቦታውን አስታውሶ፣ እንደነበረ አድርጎ ነው ያስቀመጠው።

አሁን ደግሞ የማልኮራበትን ልንገራችሁ። መሸሸግ አልፈልግም፤ የሚጠቅማችሁ እሱ ነውና።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፍል ውሃው ጋ ሄድን። ዘምባባ የከበበው በጣም የሚያምር ቦታ ነው። ውሃው ጥርት ብሎ ሰማያዊ ይመስላል። ስካውቱ እኔ ካለፍኩበት አትውጡ ብሎን ነበር። እኔ ትልቋን ፎቶ ለማንሣት ስልኬን ሳስተካክል ትንሹ ጫማውን አውልቆ ወደ አንዲት ትንሽ ምንጭ ሄደ። ዳሩ ላይ ያለው ነጭ ቅርፊት ጠንካራ መሬት ይመስላል። ሲረግጠው ተሰበረ። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ።

ሦስት ሰከንድም አልሞላም። ባለቤቴ አነሣው። እግሩ ቀላ፣ ሁለት ቦታ ውሃ ቋጠረ። በአካባቢው የነበረ አንድ ደግ ሰው ኮልጌት ሊቀባው ሮጠ። ከለከልኩት። ሃይላንዱንም ጀሪካኑንም ለ20 ደቂቃ ያህል አፈሰስንበት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። በሁለት ሳምንት ዳነ። ጠባሳ እንኳ የለውም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጁ ልጅ ነው፤ ውሃ አይቶ ነው የሮጠው። ነርስ ሆኜ፣ የተቃጠለ ሕፃን በየሳምንቱ እያየሁ፣ ለአንድ ፎቶ ዓይኔን ከእሱ ነቀልኩ። ግን አስቡት። ያ የሆነው ሕፃን ስለሆነ «አይገባውም» ብለን መቅረት ስለነበረብን አይደለም። አንድ አዋቂ እጁን ስላልያዘው ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ልጁን ያስቀረዋል፤ ሁለተኛው እኛን ያዘጋጀናል።

ስለዚህ ትንሽ ልጅ ይዞ እንዲህ ዓይነት ቦታ ለሚሄድ ማንም ሰው፣ ትምህርት ቤትም ይሁን ቤተሰብ፣ ከሙያዬም ከደረሰብኝም የምለው አለኝ።

ፍል ውሃ አጠገብ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉ እጁ በአዋቂ እጅ ውስጥ ይሁን። በዓይን መጠበቅ አይበቃም። የልጅ ቆዳ ስስ ነው፤ አዋቂን ብዙም የማይጎዳ ሙቀት ልጅን ይልጣል። ጫማ አይውለቅ። መዋኘት በሚፈቀድበት ቦታም ቢሆን ጭንቅላታቸውን ባያጠልቁ ይመረጣል። ሙቅ ውሃ ውስጥ በአፍንጫ የሚገባ አደገኛ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል፤ ብርቅ ነው፣ ከያዘ ግን ገዳይ ነው። ከተቃጠሉ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ነው መድኃኒቱ። ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና በፍጹም። ይህን ቤት ውስጥም አስታውሱት፤ በኛ አካባቢ ከወጥና ከሻይ የሚመጣው ቃጠሎ ይበልጣል።

እንፋሎት የሚወጣበት ጉድጓድና ዋሻ ውስጥ ልጅ አይግባ። ከእሳተ ገሞራ መሬት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል። ሽታ የለውም። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። እናንተ ቆማችሁ የምትተነፍሱት አየር ደህና ሆኖ፣ ከጉልበታችሁ በታች ያለው ልጅ የሚተነፍሰው ላይሆን ይችላል።

ወባ አለ። አጎበር ይዛችሁ ሂዱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጁን ካተኮሰው «ብርድ ነው» ብላችሁ አትተዉት። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በኋላ ነው የሚወጣው። የሄዳችሁበትን ቦታ ለሐኪሙ ንገሩት። ደሴ ላይ ሐኪሙ ካልተነገረው ወባን ቀድሞ ላያስብ ይችላል።

ደግሞ ወሩ። ትምህርት ቤቶቻችን ጉዞ የሚወስዱት ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ያ ለአዋሽ ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነው። ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ከደሴ ብርድ የወጣ ሕፃን አይችለውም። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ይሻላል። ያኔም ቢሆን ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ጥላ መፈለግ ነው።

«ዘንድሮ ሂዱ» እያልኳችሁ ነው? አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ ፈንታሌና ዶፈን በሚባሉት እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ሰንብቷል። ቅልጥ አለት ከምድር በታች ወደ ጎን እየሰነጠቀ ስለገባ ነው። የካቲት 7 ቀን የደረሰው መጠኑ 6.0 ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀዋል። እኛ ለሦስት ቀን የጎበኘነው መሬት የእነሱ መኖሪያ ነው። መፈናቀል ምን እንደሆነ ለእኛ ማንም አይነግረንም። ስለዚህ ማንም ከመነሣቱ በፊት ስለ መሬቱ ሁኔታም ስለ መንገዱ ሰላምም ይጠይቅ። መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ ይቅር።

ኤርታሌንም ለትንሽ ልጅ አልመክርም። ጉዞው ረጅም ነው፣ ሙቀቱ ከባድ ነው። በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው አካባቢ ሃይሊ ጉቢ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ በየመን አልፎ ሕንድ ድረስ ተጉዟል። ዜናውን ስናይ ትንሹ ከመቀመጫው ተነሣ። «ይጋገራል ማለት ነው!» አለ። የሦስት ዓመት ጥያቄውን ራሱ መለሰው።

ታዲያ ልመናዬ ምንድን ነው? ከቤታችን ደጅ እንጀምር ነው።

ከአዋሽ በተመለስን በሳምንቱ ደሴ እናቴ ቤት ሄድን። ትንሹ የአጥሩን ግንብ ሲነካካ ቆየና ጠራኝ። በደሴ ግንብና መሠረት የምታውቁት ጥቁር ድንጋይ ነው። «ይሄም ዓይን አለው፣ ግን ዓይኑ ተደፍኗል» አለ። ባዛልት ነው። ከጦሳ እስከ አዝዋ ገደል ደሴን የከበቧት ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ ደጋግሞ ከፈሰሰ ቅልጥ አለት የተሠሩ ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን ውሃ በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ ነጭ ማዕድን እያስቀረ ደፈናቸው። መተሐራ ያለው ድንጋይ የ200 ዓመት ነው፤ ገና ትኩስ ነው ማለት ይቻላል። የእኛ ያረጀ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የምንወርደው ቁልቁለትም የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። በየቀኑ በሚኒባስ እንወርደዋለን እንጂ ለልጆቻችን አንነግራቸውም።

እንግዲህ ዘንድሮ አዲስ አበባ የሚሄዱት ይሂዱ፤ አልቃወምም። ትንንሾቹን ግን ለግማሽ ቀን ጦሳ ሥር ውሰዷቸው። ድንጋይ ያንሡ፣ ዓይኑን ይቁጠሩ። ለሚመጣው ዓመት ደግሞ መሬቱም መንገዱም ከተረጋጋ፣ በኅዳር ወይም በጥር፣ ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ ያሉት የሚካተቱበት የአዋሽ ጉዞ አቅዱ። ለሁለት ልጅ አንድ ወላጅ ይመደብ። ወጪው ለማይችለው ቤተሰብ እኛ ወላጆች እናዋጣለን፤ ለሠርግና ለልቅሶ የምንችል ሰዎች ለዚህ አናንስም።

ፓርኮችን ለምታስተዳድሩም አንድ ቃል አለኝ። በየፍል ውሃው ዳር ማንበብ ለማይችል ልጅ የሚገባ ሥዕል ቢተከል፣ በልጅ ቁመት ልክ የሆነ አጥር ቢኖር ብዙ ይረዳል። ተንበርክከው ለልጅ የሚያስረዱ እንደዚያ ዓይነት ስካውቶች ደግሞ ይብዙልን።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ጦሳም ሆነ አዋሽ ለሚሄድ ማንኛውም ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ርዳታ ቦርሳዬን ይዤ በነጻ አብሬ እሄዳለሁ። አጉሊ መነጽርም ገዝቻለሁ። ትንሹ ደግሞ ከድንጋዩ ጋር የሚያስተያየው ቁራሽ እንጀራ እንዲቋጠርለት ከወዲሁ ለአያቱ ነግሯታል።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የኮምቦልቻ እናት
ሚያዝያ 2018 ዓ.ም.